ሻምፖው ለምን ጓጎለብኝ?

ስልኬ ላይ የሚላክልኝ ፎቶ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ባልዲ አለ፣ ባልዲው ውስጥ ሻምፖ አለ፣ ሻምፖው ላይ የራሰ ምስር የሚያካክሉ ነጫጭ ነገሮች ይንሳፈፋሉ። ከሥሩ “እትዬ፣ ምን ላድርግ?” ይላል። እዚህ ጅማ ቤት ውስጥ ሻምፖ እየሠራችሁ ለፀጉር ቤቶች የምታስረክቡ ሁሉ፣ ይሄ ለእናንተ ነው።

ስለ ሚዛንና ስለ ዕቃ ንጽህና አላወራም። እዚህ የደረሰ ሰው ያውቀዋል።

ምልክቱ፦ የሚያሟልጩ እንክብሎች። በጣት ሲፈነዱ ውስጣቸው ደረቅ ዱቄት ነው።

ምክንያቱ፦ የፀጉር ማለስለሻው ዱቄት በቀጥታ ውሃ ላይ ተደፍቷል። ብዙ ጊዜ ካቲዮኒክ ጉዋር፣ ማለትም አዎንታዊ ቻርጅ የተሰጠው የጉዋር ዱቄት ነው፤ ከረጢቱ ላይ “ጉዋር ሃይድሮክሲፕሮፒልትሪሞኒየም ክሎራይድ” ይላል። አንዳንዴ ፖሊኳተርኒየም-10 ነው። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ያብጣሉ፤ ብዙው ጉዋር ግን የሚያብጠው ውሃው አሲድ ካለበት ነው። ላይኛው ዱቄት ቀድሞ ያብጥና ውስጡን እንደ ላስቲክ ጠቅልሎ ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ውሃ አይገባም። ገንፎ ያገነፋ ሰው ነገሩ ይገባዋል። የገንፎ ጓል ግን በማማሰያ ይደፈጠጣል። ይሄኛው ከማማሰያው እየሸሸ ይዞራል።

“መልኩ ነው እንጂ ሥራውን ይሠራል” የሚሉኝ አሉ። አይሠራም! ጉዋር የአብሽ ልሃጭ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ጋላክቶማናን የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሚያሟልጭ ነገር ናቸው። አብሽ ተቀብታችሁ ስትታጠቡ ሙልጭ ብሎ ይሄዳል። ካቲዮኒኩ የማይሄደው ፋብሪካ ውስጥ አዎንታዊ ቻርጅ ስለተሰጠው ነው። ፀጉር ደግሞ ሲታጠብ አሉታዊ ቻርጅ ይይዛል፤ ቀለም የተነከረና በካውያ የተጎዳ ሲሆን ይብስበታል። ሻምፖው በውሃ ሲቀጥን ፖሊመሩ፣ ያው ማለስለሻው ዱቄት፣ አረፋ ከሚሰጠው ማጠቢያ ከቴክሳፖኑ ጋር ተያይዞ ከውሃው ይለይና ፀጉሩ ላይ ያርፋል። ጓል ውስጥ የታሰረ ዱቄት ግን የትም አያርፍም። የከፈላችሁበት ዕቃ በማፍሰሻው ሄደ ማለት ነው።

አንዷ የኮቺ ሰፈር ልጅ ጓሉን ላቅልጠው ብላ ሻምፖውን ምድጃ ላይ ጣደችው። ሁለት ሰዓት! ጓሉ አልቀለጠም፤ ጭራሽ ጠነከረ። ሌላው በጁስ መምቻ መታው። አንዱ ጓል አሥር ሆነ፣ አረፋው እስከ ማግስቱ አልተኛም። ከሁሉም የማልረሳው የአንዲት ፀጉር ቤት ባለቤት ነው። ደንበኛዋ ታጥባ ስትነሳ ፀጉሯ ላይ ነጭ ነገር ተርከፍክፏል። “ፎረፎር ላጠፋ መጥቼ ፎረፎር ይዤ ልሂድ?” አለቻት። ያ ሻምፖ የኔው ነበር። ያኔ እኔም ውሃ ላይ ነበር የምደፋው።

መፍትሄው፦ ለ10 ሊትር ሻምፖ 25 ግራም ጉዋር መዝኑ። 150 ግራም ግሊሰሪን ውስጥ ጨምራችሁ በሶ እንደምትበጠብጡ በጥብጡ። ግሊሰሪን ውስጥ አያብጥም፤ ፍሬው ይለያያል። ዕቃው ደረቅ ይሁን። ማንኪያውም ደረቅ ይሁን። አንድ እርጥብ ማንኪያ ልፋቴን ገደል ከቶብኝ ያውቃል። ከዚያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። በዚህ ጊዜ ውሃው አይወፍርም። አትደንግጡ፣ ዱቄትም አትጨምሩ! ብዙው ካቲዮኒክ ጉዋር አሲድ እስኪያገኝ እንዳያብጥ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ዱቄቱ እኩል ከተበተነ በኋላ ሲትሪክ አሲድ በጥቂት ውሃ አሟሙታችሁ ጠብ ጠብ አድርጉ፤ የአሲድ መጠን የሚለካው ፒኤች ወረቀት ከ5 እስከ 6 ሲያሳይ አቁሙ። እያያችሁት ይወፍራል። ሲትሪኩን መጀመሪያ ውሃው ውስጥ ከጨመራችሁ ግን ወደ ፎቶው ተመለሳችሁ። ግማሽ ሰዓት ይረፍ። ቴክሳፖን ከዚያ በኋላ ነው፤ በፍጹም ከዚያ በፊት አይሆንም።

ፖሊኳተርኒየም-10 ሲትሪክ አይፈልግም። በግሊሰሪን በትናችሁ ውሃ ውስጥ ከጨመራችሁት በኋላ ለብ አድርጉት።

የጓጎለው ሻምፖስ? በሻሽ አጥልሉና ጓሉን ጣሉ። ዱቄት አትነስንሱበት። ሌላ ዕቃ ውስጥ አዲስ ዱቄት ከላይ እንዳልኩት ወፈር አድርጋችሁ አዘጋጁና ያንን ቀላቅሉ።

ጓል ሳይሆን ነጭ ክር ወይም እርጎ የመሰለ ነገር ከታያችሁ ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ሲኤምሲ። ለፈሳሽ ሳሙና የለመዳችሁትን ማወፈሪያ እዚህም ጨመራችሁት። ሲኤምሲ አሉታዊ ነው፣ ፖሊመሩ አዎንታዊ፤ ተያይዘው ይወርዳሉ። ካርቦመር የሚባለው ማወፈሪያም እንደዚያው። ሻጩ “ማወፈሪያ ማወፈሪያ ነው” ቢላችሁ አትስሙት። በጨው አወፍሩ። ጨውም ሲበዛ መልሶ ያቀጥናል።

ፀጉር ከበደ፣ ተጣበቀ ካሉ ፖሊመሩ በዝቷል፤ ቀንሱ። መጀመሪያ ግን “ቅቤ ተቀብተሻል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ምንም ለውጥ የለም ካሉ ከረጢቱን አንብቡ። “ጉዋር ገም” ብቻ ከሆነ የምግብ ነው፤ አዎንታዊ ቻርጅ ስላልተሰጠው ፀጉር ላይ አይቀርም።

በሦስተኛው ሳምንት ከሸተተ እንዳይበላሽ የሚጨመረውን ማቆያ ቆጥባችኋል። ድፉት።

የተረፈውን ዱቄት አፉን በደንብ አስራችሁ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ። የጅማ ክረምት ክፍት ከረጢት ካገኘ ዱቄቱ ውሃ ሳይነካው እዚያው ይጓጉላል። የዚያን ፎቶ አትላኩልኝ።