ከጠቅላላ ጉባኤ በፊት፦ የሥራ አስኪያጁን ክፍያ በአንድ አክሲዮን ሒሳብ መመርመር

ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ስለ ሥራ አስኪያጅ ክፍያ የሚነሳ ክርክር ብዙውን ጊዜ ከመነሻው ይበላሻል። አንዱ ተነስቶ «ይህ ደመወዝ በዝቷል» ይላል። ሰብሳቢው «ትርፋችን አድጓል፣ ሰውየው ቢሄድብንም ምትክ የለንም» ብሎ ይመልሳል። ይጨበጨባል፣ ከዚያ ምሳ ይሆናል። ሁለቱም ያወሩት ስለ ብሩ ብዛት ነው። ክፍያው በምን መለኪያ እንደሚሰላ ግን የጠየቀ የለም፤ የባለአክሲዮኑ ገንዘብ የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው ግን እዚያ ላይ ነው።

ሒሳቡን በቁጥር ለማየት ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላይ ያለ አንድ ሆቴል አክሲዮን ማኅበር አለ እንበል። ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ ነው፤ እውነተኛ ሆቴል አይፈልጉለት። የአንድ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር ነው። አምና 30,000 አክሲዮን ነበረው፣ ያተረፈውም የተጣራ 8.1 ሚሊዮን ብር ነው። ዘንድሮ በጀት ዓመቱ ሲጀምር፣ ሐምሌ ላይ፣ 10,000 አዲስ አክሲዮን ሸጦ 40,000 አደረሰ፤ ትርፉም 9.6 ሚሊዮን ብር ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ከደመወዙ ሌላ ከተጣራ ትርፍ 3 በመቶ ቦነስ ያገኛል።

ቁጥሮቹ የሚገኙበት ቦታ

ዓመታዊ ሪፖርቱ እጅዎ ሲገባ የቦርድ አባላቱን ፎቶና የሰብሳቢውን መልእክት ይዝለሉት። የሚፈልጉት ከኋላ፣ ኦዲተሩ ከፈረመበት ሒሳብ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ ውስጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ምክንያት ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ (አይኤፍአርኤስ) ስለሚሠሩ፣ «ተዛማጅ ወገኖች» የሚል ማብራሪያ ይኖራል። ማብራሪያው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ «ኪይ ማኔጅመንት ኮምፔንሴሽን» የምትለዋን መስመር ይፈልጉ። ቁጥሩ የከፍተኛ አመራሩ ድምር እንጂ የአንድ ሰው አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «ይህ ድምር የስንት ሰው ነው? አምናስ የስንት ነበር?» ይሁን። አምስት የነበሩት አመራሮች አራት ሆነው ድምሩ ካልቀነሰ ጭማሪው ተደብቋል ማለት ነው።

ደመወዝ ከክፍያው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የቤት አበል፣ የነዳጅና የስልክ አበል፣ መኪና ከነሾፌሩ፣ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ሲሰናበት የሚሰጠው ካሳ፣ ሁሉም ይደመራል። በተለይ የቅጥር ውሉ ላይ «የሥራ ግብሩ በድርጅቱ ይሸፈናል» የምትል ዓረፍተ ነገር ካለች ልብ ይበሉ። የግብሩ ከፍተኛ መጣኔ 35 በመቶ ስለሆነ፣ በዚያ እርከን ላይ ሰውየው እጅ 65 ብር እንዲገባ ድርጅቱ 100 ብር ያወጣል። ቦርዱ «የጨመርነው 20,000 ብር ብቻ ነው» ሲል የተጣራውን ከሆነ፣ ወጪው 30,000 አልፏል።

ትርፉን ለአክሲዮኑ ማካፈል

አምና 8.1 ሚሊዮን ለ30,000 ሲካፈል አንዱ አክሲዮን 270 ብር አትርፏል። ዘንድሮ 9.6 ሚሊዮን ለ40,000 ሲካፈል 240 ብር። ጠቅላላው ትርፍ በ18.5 በመቶ ጨምሮ የእርስዎ አክሲዮን ድርሻ በ11 በመቶ ቀንሷል። ቦነሱ ግን ከ243,000 ወደ 288,000 ብር አድጓል። ማንም አላጭበረበረም። ውሉ ራሱ «አዲስ አክሲዮን ሽጥ፣ ድርጅቱን አስፋ፣ ቦነስህ ያድጋል» ይላል፤ ሰውየውም ያንኑ አደረገ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአክሲዮኑን መሸጫ ጊዜ ሳያይ ሲያካፍል ነው። አዲሱ አክሲዮን የተከፈለው ጥር መጀመሪያ ላይ ቢሆን ኖሮ፣ ገንዘቡ የሠራው ግማሽ ዓመት ብቻ ስለሆነ አማካዩ 35,000 አክሲዮን ይሆናል፤ ድርሻውም 274 ብር ይመጣል። ያኔ አመራሩ ትክክል ነው፣ ተሳስተው የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት። ጉባኤ ላይ በአንድ የተሳሳተ ቁጥር የተያዘ ሰው ቀሪው ጥያቄው ሁሉ ውድቅ ይሆንበታል። ስለዚህ አክሲዮኑ በየትኛው ወር እንደተከፈለ በካፒታል ማብራሪያው ላይ ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ትርፉ ከምን እንደመጣ ይዩ። ሆቴላችን ዘንድሮ ሁለት የሞተር ጀልባ ሸጦ 1.2 ሚሊዮን ብር አትርፏል እንበል። ይህ አይደገምም። ሲወጣ የሥራው ትርፍ 8.4 ሚሊዮን፣ የአክሲዮኑም ድርሻ 210 ብር ነው። ያላችሁ አክሲዮን የባንክ ከሆነ ተመሳሳዩ ጥያቄ የውጭ ምንዛሪ ላይ ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በብር ሲወደድ፣ የውጭ ምንዛሪ በብዛት ይዞ የነበረ ሁሉ መዝገቡ ላይ ትርፍ አየ። ለዚያ ትርፍ ለሥራ አስኪያጅ ቦነስ መክፈል፣ ክረምቱ ጥሩ ስለዘነበ ለዘበኛ ጭማሪ እንደ መስጠት ነው።

ሦስተኛው ማጣሪያ ጥገና ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም እሱ ነው። ዓመታዊ ቦነስ ያለው ሥራ አስኪያጅ ትርፉን በአንድ ዓመት ለማሳደግ ቀላሉ መንገድ ማደስ ያለበትን አለማደስ ነው። ሐይቅ ዳር እርጥበቱ ቆርቆሮውን ያዝገዋል፣ የጀልባ ሞተር ሰርቪሱ ካለፈ ይነክሳል፣ ጀነሬተሩ ዘይቱ ካልተቀየረ የጥምቀት ሰሞን ክፍሉ ሁሉ ሞልቶ ሳለ ይቆማል። ወጪው የሚመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ቦነሱ ያኔ ተበልቷል። የጥገና ወጪው አምና 2.4 ሚሊዮን፣ ዘንድሮ 1.3 ሚሊዮን ከሆነ፣ 1.1 ሚሊዮኑ «ትርፍ» ለነገ የተላለፈ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ከ8.4 ሲቀነስ 7.3 ሚሊዮን፣ በአክሲዮን 182 ብር ከ50 ሳንቲም። ሌላም ፍንጭ አለ፦ የቋሚ ንብረት ማብራሪያው ላይ የዓመቱን አዲስ ግዢ ከእርጅና ቅናሹ ጋር ያነጻጽሩ። ግዢው ሦስት ዓመት ተከታትሎ ከእርጅናው ካነሰ ድርጅቱ ራሱን እየበላ ነው።

አሁን ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። 288,000 ብር ቦነስ ለ40,000 አክሲዮን ሲካፈል 7 ብር ከ20 ነው። የአክሲዮኑ ድርሻ ግን ከ270 ወደ 182.50 ሲወርድ 87 ብር ከ50 ሄዷል። በ7 ብሯ ላይ እየተጯጯኹ 87ቱን ማለፍ ነው የተለመደው ስሕተት። ቦነሱን በግማሽ ቢያስቀንሱ የሚያተርፉት በአክሲዮን 3 ብር ከ60 ነው፤ ጎበዝ ሥራ አስኪያጅ ቢሄድ የሚያጡት ከዚያ ይበልጣል። መለኪያውን ማስቀየር ግን ዋጋ አለው።

ስለ ነገ ዋጋ ቃል ሲገባ

«በአምስት ዓመት የአክሲዮናችሁን ዋጋ እጥፍ እናደርጋለን» የሚል ዕቅድ ሲቀርብ አዳራሹ ደስ ይለዋል። በአምስት ዓመት እጥፍ ማለት በዓመት 15 በመቶ እንኳ አይሞላም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ በእንዲህ ያለ ዓመት ውስጥ 15 በመቶ ማደግ መቀነስ እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ «ከዋጋ ንረት በላይ በስንት?» ብለው ይጠይቁ። ዕቅዱ ያንን ካልመለሰ ቦነስ ሊታሰርበት አይገባም።

ክፍያን ከድርጅት የወደፊት ዋጋ ጋር ማሰር በትልቁ የታየው በአሜሪካው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ቴስላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዋና ሥራ አስኪያጁ ለኢሎን መስክ የጸደቀው ክፍያ 12 ደረጃ ነበረው። የድርጅቱ የገበያ ዋጋ ከ100 ቢሊዮን ዶላር ጀምሮ እስከ 650 ቢሊዮን ሲወጣ፣ የገቢ ወይም የትርፍ ግብም አብሮ ሲሟላ፣ በየደረጃው አክሲዮን በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ያገኛል፤ ካልሆነ ምንም። እ.ኤ.አ. ጥር 2024 የደላዌር ግዛት ፍርድ ቤት ዕቅዱን ሻረው፦ ያጸደቁት ዳይሬክተሮች ገለልተኛ አልነበሩም፣ ባለአክሲዮኖችም ድምፅ ሲሰጡ ሙሉ መረጃ አልነበራቸውም በሚል ነበር። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2025 ባለአክሲዮኖች የገበያ ዋጋው 8.5 ትሪሊዮን ዶላር እስኪደርስ የሚዘረጋ አዲስ ዕቅድ ከ75 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አጸደቁ፤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2025 ደግሞ የደላዌር ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ2018ቱን ክፍያ የሻረውን ውሳኔ ቀለበሰ። ለእኛ የሚጠቅመው ግቡና ጊዜው አስቀድሞ መጻፉ ነው። የገበያ ዋጋውን መለኪያ ግን አክሲዮኑ በየቀኑ ለማይሸጥ ድርጅት መቅዳት አይቻልም። ከጥቂት ወዳጆች ጋር ተስማምቶ አሥር አክሲዮን በውድ ያሸጠ ሰው «ዋጋው ወጣ» ብሎ ቦነስ ይጠይቃል።

ምን ይጠየቅ

ቦርዱ የሥራ አስኪያጁን ክፍያ ይወስናል፤ የቦርዱን አበል የሚወስነው ደግሞ ጉባኤው ነው፣ ባንክ ከሆነም ብሔራዊ ባንክ ባስቀመጠው ገደብ ውስጥ። ስለዚህ ጉባኤው ደመወዝ እንዲቆርጥ ሳይሆን ቦርዱን በመመሪያ እንዲያስር ይጠይቁ። ሐሳቡ አጭርና ድምፅ ሊሰጥበት የሚችል መሆን አለበት። ለምሳሌ፦

«የሥራ አስኪያጁ ዓመታዊ ቦነስ ከሚቀጥለው በጀት ዓመት ጀምሮ ከንብረት ሽያጭና ከምንዛሪ ለውጥ የተገኘው ትርፍ ተቀንሶ፣ በአንድ አክሲዮን ድርሻ የሦስት ዓመት አማካይ እንዲሰላ፤ ግማሹ በዓመቱ፣ ግማሹ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዲከፈል፤ ሒሳቡ ተስተካክሎ ትርፉ ከቀነሰ ያልተከፈለው እንዲሰረዝ።»

ግማሹን ማዘግየት የጥገናውን ችግር ይፈታል፤ የጀነሬተሩ ዕዳ ሲመጣ ቦነሱ ገና ድርጅቱ እጅ ነው። አምስት ዓመት ማዘግየት ግን አይመከርም። ሰው ተስፋ ይቆርጥና እንደሌለ ይቆጥረዋል፣ በደመወዝ ላይ ካሳ ይጠይቃል።

አዳራሽ እስኪደርሱ

ባንኮችና ኢንሹራንሶች በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ጉባኤ ይጠራሉ፣ ቦታውም ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ነው። ከባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የጣና ዳር ባለአክሲዮን አብዛኛው በውክልና ነው የሚገኘው። የጉባኤው ጥሪ በጋዜጣ ሲወጣ የውክልና ቅጽ የት እንደሚሞላና እስከ መቼ እንደሆነ ይገልጻል፤ ሦስት የሥራ ቀን ቀደም ብሎ የሚለው የተለመደ ነው። ከውልና ማስረጃ የተሰጠ ውክልና ከሆነ ዋናውንና ኮፒውን መያዝ፣ የታደሰ መታወቂያም አለመርሳት። ቅጹን ባዶ ፈርመው ለማንም አይስጡ። የተወካዩን ስም፣ የጉባኤውን ቀን፣ ለየትኛው አጀንዳ ድጋፍ ወይም ተቃውሞ እንደሚሰጥ ራስዎ ይጻፉ። ባዶ ቅጽ በመጨረሻ የሚሞላው ቦነሱ በሚመለከተው ወገን ሊሆን ይችላል።

ሐሳብዎን በመተዳደሪያ ደንቡ በተቀመጠው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ለቦርዱ ያስገቡ፣ መዝገብ ቤት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ይያዙ። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» ሲደረስ አነሳዋለሁ ማለት አያዋጣም፤ በአጀንዳ ያልተያዘ ነገር ላይ ውሳኔ አይሰጥም፣ በዚያ ሰዓት ደግሞ አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነው። እርስዎ 200 አክሲዮን ቢኖርዎት ከሆቴሉ 40,000 ግማሽ በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ ከጥሪው በፊት በባሕር ዳር ሠፈሮች፣ ጊሽ ዓባይም ፋሲሎም ያሉትን ባለአክሲዮኖች ማሰባሰብ የሥራው ትልቁ ክፍል ነው።

ድምፁ በእጅ ማውጣት ከተቆጠረ ሰው ይቆጠራል፣ በካርድ ከሆነ አክሲዮን። ትናንሽ ባለአክሲዮኖች የበዙበት አዳራሽ ውስጥ የእጅ ቆጠራ ያስደስታል፤ ነገር ግን ሕጋዊ ክብደት ያለው በአክሲዮን የተቆጠረው ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው ላይ «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ብቻ ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በአክሲዮን ብዛት እንዲጻፍ እዚያው በማይክ ይጠይቁ።