በዳታቤዝ ሰርቨር ላይ ትልልቅ የሜሞሪ ገጾችን ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊኑክስ በተለመዱት ፕሮሰሰሮች ላይ ሜሞሪን የሚከፋፍለው 4 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ነው። 64 ጊጋባይት የጋራ ሜሞሪ ያለው ዳታቤዝ ከ16 ሚሊዮን በላይ ገጾች ይኖሩታል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ 8 ባይት ምዝገባ ስለሚያስፈልግ፣ ያን ሜሞሪ በሙሉ የነካ አንድ ፕሮሰስ ለገጽ ሠንጠረዥ (እያንዳንዱ ገጽ የት እንዳለ ለሚያሳየው መዝገብ) ብቻ 128 ሜጋባይት ይወስዳል። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ ስለሚከፍት፣ 500 ግንኙነቶች 62 ጊጋባይት ገደማ ሊበሉ ይችላሉ። ገጹ 2 ሜጋባይት ሲሆን ግን ለአንድ ፕሮሰስ 256 ኪሎባይት ይበቃል። ይህን ያህል ጥቅም ያለው ሥራ በጥቂት ስህተቶች መና ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

ከሁሉም የከፋው ለትልልቅ ገጾች አስቀድሞ የተያዘውን ሜሞሪ ዳታቤዙ እየተጠቀመበት እንደሆነ መቁጠር ነው። ለትልልቅ ገጾች የተያዘን ሜሞሪ ሌላ ፕሮግራም እንደ ተራ ሜሞሪ ሊጠቀምበት አይችልም። የፖስትግሬስ የሂዩጅ ፔጅስ (የትልልቅ ገጾች) ቅንብር ካልተነካ «ትራይ» (ሞክር) ላይ ነው፤ ገጾቹ ካነሱት ምንም ሳይናገር ወደ ትንንሾቹ ይመለሳል። ያኔ የተያዘው ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል፤ ዳታቤዙም ያንኑ ያህል ከቀረው ሜሞሪ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ ቅንብሩን «ኦን» ያድርጉት፤ ገጹ ካልበቃ አልነሳም ይላል፣ ችግሩም በዚያው ሰዓት ይታወቃል። ዳታቤዙ ከተነሣ በኋላ ሊኑክስ የሜሞሪውን ሁኔታ የሚያሳይበትን የሜምኢንፎ ፋይል ይመልከቱ። ከነጻዎቹ ገጾች ላይ ለፕሮግራም ቃል የተገቡትን ሲቀንሱ የሚቀረው ሥራ የፈታው ነው።

ሁለተኛው በግምት መሥራት ነው። የጋራ ሜሞሪው ከሼርድ በፈርስ (ፖስትግሬስ ዳታን በሜሞሪ ከሚያቆይበት ቦታ) መጠን ይበልጣል፤ በእሱ ብቻ ያሰላ ሰው ጥቂት ገጾች ያንሱታል። ፖስትግሬስ ከ15ኛው እትሙ ጀምሮ የሚፈልገውን የገጽ ብዛት ራሱ ይናገራል፤ ሳያስነሱት መጠየቅ ይቻላል።

ከመጠን በላይ መያዝም ያው ጉዳት አለው። ለመደርደርና ለመሳሰሉት ሥራዎች እያንዳንዱ ግንኙነት የሚወስደው ሜሞሪ፣ እንዲሁም የፋይል መሸጎጫው፣ ከተያዙት ገጾች አያገኙም።

ለረጅም ጊዜ ሲሠራ በቆየ ሰርቨር ላይ ገጾችን መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሳካም። ሜሞሪው ስለተበታተነ ተያያዥ 2 ሜጋባይት ማግኘት ያቅታል፤ ከርነሉም (የሊኑክስ እምብርት) ያገኘውን ያህል ብቻ ይሰጣል። ቁጥሩን በቋሚው ቅንብር ውስጥ ጽፎ ማሽኑን እንደገና ማስነሣት ይሻላል።

ከርነሉ በራሱ ጊዜ የሚሰጣቸው ትራንስፓረንት ሂዩጅ ፔጅስ ከእነዚህ የተለዩ ናቸው። እነሱ በርተዋልና ሥራው አልቋል ማለት አይገባም፤ ኦራክል እንዲያውም ለዳታቤዙ በቀደሙት ከርነሎች ላይ እንዲጠፉ ይመክራል።

ኦራክልን ለሚያስተዳድሩ ሁለት ነገር ልጨምር። የኦራክልን ሜሞሪ በሙሉ በራሱ የሚያከፋፍለው የሜሞሪ ታርጌት ቅንብር ከትልልቅ ገጾች ጋር አይሠራም፤ የኤስጂኤን (የኦራክልን የጋራ ሜሞሪ) መጠን ብቻ በሚወስነው በኤስጂኤ ታርጌት ይተኩት። የዳታቤዙ ባለቤት የሆነው ተጠቃሚ የሜምሎክ ገደብም (በሜሞሪ ውስጥ ቆልፎ ሊይዝ የሚፈቀድለት መጠን) ከኤስጂኤው መጠን ማነስ የለበትም።