ለካንሰር ምስል ተነሱ ስትባሉ፦ ከትዕዛዝ ወረቀቱ እስከ ውጤቱ

ሐኪሙ ወረቀቱን ጽፎ «ሲቲ ስካን ተነስተሽ ነይ» ሲል ልብ ቀጥ ይላል። ካንሰር የሚለው ቃል ጆሮ ከገባ በኋላ ሌላው ንግግር አይሰማም። ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ እንኳን ሳይጠይቅ የሚወጣው ለዚህ ነው። እናንተ ግን በሩን ከመክፈታችሁ በፊት ይህችን ብቻ ጠይቁ፦ «ዶክተር፣ በዚህ ምስል ማወቅ የፈለጉት ምንድን ነው?»

ያው አንድ ማሽን ብዙ ሥራ አለው። ምንም ምልክት በሌለው ሰው ላይ ካንሰርን ቀድሞ ለመፈለግ ይታዘዛል፣ የተገኘ እብጠት ምን እንደሚመስል ለማየት፣ ወደ ሌላ አካል መሰራጨቱን ለማወቅ፣ የናሙና መርፌው የት መግባት እንዳለበት ለመምራት፣ የጨረር ሕክምናው የት እንደሚያርፍ ለመለካት፣ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ለመከታተልም ይታዘዛል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ካወቃችሁ ውጤቱ ሲነገራችሁ አትደናገጡም።

«ለምን አልትራሳውንድ ብቻ? ትልቁን ማሽን ለምን አላዘዙልኝም?» የሚል ቅሬታ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ውድ ማሽን ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። አልትራሳውንድ የጡት እብጠት ውሃ የቋጠረ ይሁን ጠጣር በደቂቃዎች ይለያል። ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ፣ ገና በእጅ የማይዳሰስን ነገር፣ እንደ አሸዋ የደቀቁ የካልሲየም ነጠብጣቦችን ሳይቀር ያሳያል። ሲቲ ለሳንባና ለሆድ ፈጣን ነው። ለአንጎል፣ ለአከርካሪና ለፕሮስቴት ብዙ ጊዜ ኤምአርአይ ይመረጣል። ሁሉም ግን አንድ የጋራ ድክመት አላቸው። ምስል ይጠረጥራል እንጂ በአብዛኛው «ካንሰር ነው» ብሎ አይፈርድም። የሚፈርደው ከእብጠቱ ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው፣ ባዮፕሲው።

ወደ ዝግጅቱ እንሂድ። ለማሞግራም የምትሄዱበት ቀን ብብታችሁን ዲዮዶራንትም ፓውደርም አትቀቡ፣ ምስሉ ላይ ልክ እንደ ካልሲየም ነጠብጣብ ሊታይ ይችላል። የወር አበባ የምታዩ ከሆነ ከመጣ በኋላ ባለው ሳምንት ቀጠሮ ያዙ፣ ያኔ ጡት ሲጫን ሕመሙ ይቀንሳል። ለሲቲ በደም ሥር የሚሰጥ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ካለ፣ የኩላሊት ችግር፣ አለርጂ ወይም እርግዝና ካላችሁ፣ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስዱም ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ኮንትራስቱ ሲገባ ሰውነት ድንገት ይሞቃል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አላመለጠም፣ በአንድ ደቂቃ ገደማ ያልፋል። ኤምአርአይ ማግኔት ስለሆነ ፔስሜከር (የልብ ምት መቆጣጠሪያ) ወይም ሰውነት ውስጥ የቀረ ብረት ካለ ሳይነገር መግባት አደጋ ነው። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነም በቀጠሮው ጊዜ ንገሯቸው፣ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ከመውጣት ይሻላል።

በዝግጅት ጉድለት በቀላሉ የሚበላሸው ግን ፔት ስካን ነው። የሚወጉት ጨረር የሚያወጣ ነገር የተያያዘበት ስኳር ነው። ብዙ የካንሰር ዓይነቶች ስኳርን በብዛት ስለሚስቡ ምስሉ ላይ ደምቀው ይወጣሉ። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ቢያንስ ለ6 ሰዓት ያህል ከውሃ በቀር ምንም አትቅመሱ፣ ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ከባድ ስፖርት ተዉ። የስኳር ሕመም ካለባችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ጠይቃችሁ አስተካክሉ። ከመርፌው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጸጥ ብሎ መተኛት አለ። በዚያ ሰዓት ማስቲካ ብታኝኩ የመንጋጋ ጡንቻ ስኳሩን ይወስድና እሱም ይደምቃል። ደግሞ ምስሉን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ በደመቀው ሁሉ አትደንግጡ፤ አንጎልና ፊኛ የማንም ሰው ላይ ይደምቃሉ፣ ቲቢ፣ ኢንፌክሽንና ያልዳነ የቀዶ ሕክምና ቁስልም እንዲሁ።

አሁን ከሁሉም በላይ አጥብቄ ወደምመክረው ነገር ልምጣ፦ የድሮ ምስላችሁን አትጣሉ።

አክስቴ የጡት ካንሰር ታክማ ከጨረሰች ዓመታት በኋላ ሳል ያዛትና ደረቷን ሲቲ ተነሳች። ሪፖርቱ ሳንባዋ ላይ 7 ሚሊሜትር የሆነ ነገር አለ ይላል። ቤታችን በአንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ የአክስቴ ልጅ ቁም ሳጥኑን ስትበረብር ከፎቶ አልበሙ ሥር ከ4 ዓመት በፊት የተነሳችውን የደረት ሲቲ የያዘ ሲዲ አገኘች። ራዲዮሎጂስቱ፣ ምስል የሚያነቡት ሐኪም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍተው እኛንም ጠሩን። ያቺው ነጠብጣብ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን። አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዝም አለች። እንዲህ ያለ ትንሽ ጠጣር ነጠብጣብ 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ካላደገ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ተደርጎ ይታያል። ያ ሲዲ ባይኖር ኖሮ ወራት በጭንቀት ሊያልፉ፣ መርፌም ሊከተል ይችል ነበር። ስለዚህ ከምርመራ ክፍሉ ስትወጡ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውንም ተቀበሉ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ በሌላ ቦታ ስትነሱ ይዛችሁት ሂዱ።

ሪፖርቱን ስታነቡ ቃላቱ ያስፈራሉ። «ሌዥን» ማለት ያልተለመደ ቦታ ማለት እንጂ ካንሰር ማለት አይደለም። የማሞግራም ሪፖርት ላይ ባይራድስ የሚባል ከ0 እስከ 6 የሆነ ቁጥር ታያላችሁ። 0 ማለት «ምንም የለም» አይደለም፣ ምርመራው አላለቀም፣ ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው፣ ተደስቶ ቤቱ ይቀራል። 1 እና 2 ሰላም ነው። 3 ከሆነ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ቢበዛ 2 በመቶ ነው፣ ብዙ ጊዜ በ6 ወር ይደገማል። 4 እና 5 ናሙና ይፈልጋሉ። 6 ቀድሞ በናሙና የተረጋገጠ ነው።

ሕክምና ላይ ላላችሁ ደግሞ ሌላ ቁጥር አለ። 21 ሚሊሜትር የነበረው 22 ሆነ ብላችሁ እንቅልፍ አትጡ። ሐኪሞች በብዛት በሚጠቀሙበት መለኪያ የዕጢዎቹ ዲያሜትር ድምር ቢያንስ 30 በመቶ ሲቀንስ ሕክምናው ሠራ ይባላል፣ ቢያንስ 20 በመቶ ሲጨምር ወይም አዲስ ዕጢ ሲታይ በሽታው ገፋ ይባላል። መሐል ያለው «ባለበት ነው» ተብሎ ይያዛል። ከተቻለ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ቦታ ተነሱ፣ ያኔ ልኬቱ ይነጻጸራል። በሽታ የመከላከል አቅምን በሚቀሰቅሱ መድኃኒቶች ላይ ያሉ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ዕጢያቸው መጀመሪያ ያበጠ መስሎ ኋላ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አንድ ምስል አይታችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ጨረሩስ? አንድ የደረት ራጅ 0.1 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። ከተፈጥሮ ብቻ በዓመት በአማካይ 2.4 ያህል እንቀበላለን። የደረት ሲቲ ወደ 6 ወይም 7 ይደርሳል። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ የራጅ ዓይነት ጨረር የላቸውም። ካንሰርን ለሚከታተል ሰው የሲቲው ጥቅም ይበልጣል፣ ሳይታዘዝ ለማወቅ ጉጉት ብቻ መነሳት ግን አይመከርም።

በተቃራኒው፣ ጡታችሁ ላይ እብጠት እየዳበሳችሁ ማሞግራሙ «ንጹሕ ነው» ቢል ጉዳዩን አትዝጉት። ማሞግራም የሚያመልጠው ካንሰር አለ፣ በተለይ ጡቱ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ። «እብጠቱ ግን አለ» ብላችሁ አልትራሳውንድ ጠይቁ።

መጨረሻ ላይ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ውጤቱን ማን፣ በየትኛው ቀን እንደሚነግራችሁ ጽፋችሁ ያዙ። ቀኑ አልፎ ካልተደወለላችሁ እናንተው ደውሉ።