ካርቦኑ ከየት መጣ? ባለ ቀዳዳ ካታሊስት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሥራችን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ ወደ ሌላ ኬሚካል የሚቀይሩ ካታሊስቶችን (ምላሽ የሚያፋጥኑ ቁሶችን) መሞከር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ጀማሪ ተማሪ እየሮጠ መጣ። "ፎርሜት አገኘሁ!" አለኝ፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ልናገኝ ከምንፈልጋቸው ውጤቶች አንዱን። ደስታው ይጋባል። እኔ ግን "በአርጎን ሞክረኸዋል?" አልኩት። በካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፋንታ ካርቦን በሌለው ጋዝ ማለቴ ነው። ዝም አለ።

ይሄ ዝምታ ሰልችቶኛል። ኮፍ (ሞለኪውሎች እንደ መረብ የተሳሰሩበት ባለ ቀዳዳ ቁስ) በሉት ሌላ ባለ ቀዳዳ ፖሊመር፣ ቁሱ ራሱ ካርቦን ነው። የተሠራበት አሟሚም ካርቦን አለው። ቀዳዳው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይሸሽጋል። ታዲያ የወጣው ፎርሜት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመምጣቱ ምን ማስረጃ አላችሁ? ዲኤምኤፍ የሚባለው አሟሚ እርጥበት እያለ ሲሞቅ ተሰብሮ ፎርሜት ይሰጣል። ያውም እናንተ የምትፈልጉትን!

የማውቀው ስለደረሰብኝ ነው። ኮባልት ላስገባ ብዬ ቁሱን ሌሊቱን ሙሉ በዲኤምኤፍ አፈላሁት። ለብ ለብ አድርጌ አጠብኩት። ኤንኤምአር (ሞለኪውሎችን የሚለይ መሣሪያ) ላይ፣ ፎርሜት በሚታይበት 8.4 ፒፒኤም አካባቢ ቀጥ ያለች ፒክ ወጣች። ያላወራሁለት ሰው አልነበረም። በኋላ ጋዙን በአርጎን ቀይሬ ስደግመው ያችው ፒክ አለች። ኤሌክትሪኩን ባጠፋውም አለች። የሦስት ወር ሥራዬን ውሃ በላው።

ስለዚህ በአርጎን፣ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ካታሊስት በሌለው ባዶ የካርቦን ወረቀትም ሞክሩ። ከዚያ በካርቦን-13 (ከተራው ካርቦን ጥቂት በሚከብደው ካርቦን) ምልክት የተደረገበትን ጋዝ ተጠቀሙ። የምትለኩት ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሆነ ክብደቱ ከ28 ወደ 29 መዞር አለበት። 28 ላይ የአየሩ ናይትሮጅንም ስላለ እሱን አትመኑ። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ካርቦኑ ተራ ከሆነ ደግሞ ከጋዙ ጋር ካርቦን ይለዋወጣል፤ ውጤቱ ይደባለቃል።

ፕላቲኒየምን በተቃራኒ ኤሌክትሮድነት አትጠቀሙ። ሟሙቶ ካታሊስታችሁ ላይ ያርፍና ሃይድሮጅን ያመርታል። ግራፋይት ይበቃል።

የፈሳሹ ፒኤች (የአሲድነቱ መጠን) የሚለካው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውስጡ ከተንፎለፎለ በኋላ ነው። የአንድ ፒኤች ስህተት ቮልቴጁን በ59 ሚሊቮልት ያዛባል።

የገጽ ስፋትን የሚያመልኩም አሉ። የሚለካው ናይትሮጅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ በማስገባት ነው። ናይትሮጅን የገባበት ቀዳዳ ሁሉ ኤሌክትሮን ይደርሰዋል ማለት አይደለም። በ2015 የወጣው ኮፍ-366-ኮባልት በ-0.67 ቮልት 90 በመቶ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሰጥቷል። ሠሪዎቹ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኮባልት ሲቆጥሩ ከጠቅላላው 10 በመቶ እንኳ አልሞላም። እናንተም ቁጠሩ።

ፖሊመሩ በፓላዲየም ብረት እርዳታ የተሠራ ከሆነ ቅሪቱን አስለኩ። "ብረት አልባ" ብሎ መጻፍ ከዚያ በኋላ ነው።

የጋዝ ማስጠንቀቂያ ደወሉ ባትሪ ይኑረው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም።

ተማሪው ትናንት በአርጎን ሞከረ። ፒኳ ንቅንቅ አላለችም። ዛሬ ጠዋት ቁሱን በሜታኖል እያጠበ አገኘሁት። ሰላምታዬን በግማሽ ልብ ነው የመለሰው።