የራዲያተር መቀየሪያ ሂሳብ እንዴት ይሰላል?

ራዲያተሩ ይቀየር ከመባሉ በፊት የሚያፈሰው እሱ ራሱ መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ) የሚያጎድለው የተሰነጠቀ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ)፣ የውሃ ፓምፕ ወይም የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ሊሆን ይችላል፤ ከሁሉም ርካሹ ጥፋተኛ ግን ክዳኑ ነው። ክዳኑ በአብዛኛው መኪና ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት ይይዛል፤ በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው 120 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ስለሆነ፣ የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊቱ ሲያመልጥ ደህና ራዲያተር ያለው መኪናም ይፈላል። እኔ አንድ ጊዜ ራዲያተር አስቀይሬ መኪናው በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ሲፈላ፣ አሮጌው ክዳን አዲሱ ራዲያተር ላይ ተመልሶ ተገጥሞ ተገኝቷል።

ለማረጋገጥ ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ በቦታው የግፊት መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ይገጠማል፤ ግፊት ተሞልቶ የመለኪያው መርፌ ቀስ በቀስ የሚወርድ ከሆነ ፍሳሽ አለ ማለት ነው። በዓይን ሲታይ ደግሞ የፕላስቲኩ ጋን (በራዲያተሩ ጫፍ ያለው የውሃ መያዣ) እና የአሉሚኒየሙ አካል በሚጋጠሙበት መስመር ላይ የደረቀ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይገኛል። ትኩስ ራዲያተር ክዳኑ ሲነሳ የሚፈላ ውሃ ፊት ላይ ስለሚረጭ በምንም ምክንያት አይከፈት።

ጥፋቱ የራዲያተሩ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ጋራዡ አንድ ጥቅል ዋጋ ከሚነግርዎ ይልቅ የዕቃውን፣ የእጅ ዋጋውን፣ የኩላንቱንና አብረው የሚለወጡትን ዕቃዎች ለየብቻ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። ዕቃውን በተመለከተ ትልቁ ጥያቄ መኪናው አውቶማቲክ ነው ወይስ ማንዋል የሚለው ነው፤ በብዙ አውቶማቲክ መኪኖች የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ስለሆነ፣ ለማንዋል የተሠራው ርካሽ ቢሆንም አያገለግልም። ያ ቱቦ ውስጥ ለውስጥ ከተበሳ ዘይቱና ኩላንቱ ተቀላቅለው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይፈጥራሉ፤ ያን ጊዜ ወጪው የካምቢዮውንም ጥገና ሊጨምር ይችላል።

የእጅ ዋጋው ከመኪና መኪና በጣም ይለያያል። በአንዳንዱ ቬንቲላተሩን (ማራገቢያውን) አውርዶ ራዲያተሩን ወደ ላይ መምዘዝ ይበቃል፤ በሌላው ደግሞ የፊት ፓራውልቱ (መከላከያው) ካልወረደ አይነካም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት የኤሲው ኮንደንሰር (የኤሲውን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ክፍል) መፈታት ይኖርበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የኤሲው ጋዝ ተለቅቆ እንደገና የሚሞላ ከሆነ ይህ ራሱን የቻለ ተጨማሪ ሂሳብ ነው።

ኩላንቱ እንደ ሞተሩ መጠን ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሊትር ይደርሳል። ያልተበጠበጠ ኩላንት ከተገዛ በተጣራ (ዲስቲልድ) ውሃ እኩል በእኩል ይበረዛል፤ አምራቾች ቀለሙን በራሳቸው መንገድ ስለሚመርጡ ቀለሙን አይቶ መግዛት አያዋጣም፣ የመኪናው መመሪያ የሚያዘውን ዓይነት መከተል ነው። ክዳኑ፣ ያረጁ ማኒኮቶዎችና ፋሸታዎች (የቱቦ ማሰሪያዎች)፣ ቴርሞስታቱም (የኩላንቱን ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ) ጭምር በዚሁ አጋጣሚ ቢቀየሩ እመክራለሁ፤ በኋላ ለብቻቸው ቢቀየሩ ኩላንቱ ዳግመኛ መፍሰሱና የእጅ ዋጋው መደገሙ አይቀርም።

ወጪ ለመቆጠብ ራዲያተሩን ማስጠገን የሚያዋጣው የመዳብና የነሐስ ሲሆን ነው፤ እሱ በብየዳ ይያዛል። የተሰነጠቀ የፕላስቲክ ጋን ላይ የሚቀባ ማጣበቂያ ግን ሙቀቱንና ግፊቱን ለረጅም ጊዜ አይችልም። ፍሳሽ ይደፍናል ተብሎ ኩላንቱ ውስጥ የሚጨመረው ዱቄትም የካቢን ማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎች ሊዘጋ ስለሚችል፣ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ካልሆነ በቀር አልጠቀምበትም። እየፈላ መንዳት ደግሞ የአሉሚኒየም ቴስታታን ያጣምማል፤ ያን ማስተካከል ከራዲያተሩ እጅግ የበለጠ ያስወጣል።

ገንዘቡን ከፍለው ከመውጣትዎ በፊት ሲስተሙ ውስጥ የቀረው አየር እንዲወጣ ሞተሩ ቬንቲላተሩ ራሱ እስኪነሳ ድረስ ይሥራ፤ የካቢን ማሞቂያውም ሙቅ አየር መንፋቱን ይዩ። በማግስቱ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኩላንቱን መጠን ይመልከቱ፤ አየሩ ወጥቶ ትንሽ ቢጎድል ይሞላል፤ በሦስተኛው ቀንም ከጎደለ መኪናውን ወደሠራው ጋራዥ ይመልሱ።