መድኃኒት በአንጎል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት የነርቭ መልእክተኛውን መንገድ መከተል

ስለ አእምሮና ስለ ነርቭ መድኃኒቶች ሲወራ «ይህ ሴሮቶኒን ይጨምራል»፣ «ያኛው ዶፓሚንን ያግዳል» የሚሉ አጫጭር መግለጫዎች ይዘወተራሉ። አነጋገሩ ሐሰት ባይሆንም፣ አንዱን ኬሚካል ከሚነኩ ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ሕመምን ሲያስታግስ ሌላው ለምን ለሱስ እንደሚዳርግ አያስረዳም። ስለዚህ የአንድን መድኃኒት አሠራር ማወቅ የሚሻ ሰው የኬሚካሉን ስም ይዞ ከመሮጡ በፊት መድኃኒቱ በኬሚካሉ ጉዞ ላይ የሚገባው የት እንደሆነ፣ ኬሚካሉ የሚጣበቅበትን ተቀባይ የሚነካ ከሆነ ምን እንደሚያደርገው፣ ይህም በየትኛው የአንጎል ክፍል እንደሚፈጸምና ሳምንታት ሲያልፉ ሴሉ ምን ምላሽ እንደሚሰጥ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አስቀድሞ ጉዞውን ማወቅ ያስፈልጋል። የሰው አንጎል 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሴሎች አሉት። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ መልእክት የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሁለት ሴሎች በሚገናኙበት በሲናፕስ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ 20 ናኖሜትር የሚሆን ክፍተት ስላለ፣ መልእክቱን የሚያሻግረው ኒውሮትራንስሚተር የሚባለው ኬሚካል ነው። ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ይህን ያሳየው በሁለት የእንቁራሪት ልቦች ነበር። ቬገስ የተባለውን ነርቭ ቀስቅሶ የአንደኛውን ልብ ምት ካዘገየ በኋላ፣ ልቡ የነበረበትን ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው ቢያዛውረው፣ ነርቩ ያልተነካው ሁለተኛው ልብም ምቱ ዘገየ። በፈሳሹ ውስጥ የነበረው መልእክተኛ አሴቲልኮሊን መሆኑ ከጊዜ በኋላ ታወቀ።

ለምሳሌ ዶፓሚንን እንውሰድ። የነርቭ ሴሉ ታይሮሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ወደ ኤል-ዶፓ፣ ኤል-ዶፓንም ወደ ዶፓሚን ከለወጠ በኋላ በጥቃቅን ከረጢቶች ያከማቸዋል። የኤሌክትሪኩ ምልክት የሴሉ ጫፍ ሲደርስ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቶቹም ከሴሉ ሽፋን ጋር ተዋሕደው የያዙትን ወደ ክፍተቱ ያፈሳሉ። ዶፓሚኑ ከማዶ ባለው ሴል ላይ ከሚገኙት ተቀባይ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ሥራውን ከሠራ በኋላ፣ መጓጓዣ የሆነ ፕሮቲን ወደ ላከው ሴል መልሶ ይስበዋል፤ እዚያም ወይ ዳግም ይከማቻል፣ ወይም ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም ይፈርሳል። አሴቲልኮሊን ግን እዚያው ክፍተቱ ውስጥ እንዳለ በሌላ ኢንዛይም ይበተናል።

አሁን መድኃኒቱን በዚህ መንገድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ከአፈጣጠሩ ብንጀምር፣ በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የሚሠሩት ሴሎች እየሞቱ ስለሚሄዱ የጎደለውን መተካት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ዶፓሚን ራሱ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን መከላከያ አያልፍም። ኤል-ዶፓ ግን ያልፋል። ለብቻው ሲሰጥ አብዛኛው ገና አንጎል ሳይደርስ በሌላው የሰውነት ክፍል ወደ ዶፓሚን ስለሚለወጥ ማቅለሽለሽን ያስከትላል፤ ስለዚህ ለውጡን የሚያግድ ካርቢዶፓ የተባለ መድኃኒት አብሮት ይሰጣል። ካርቢዶፓም መከላከያውን ስለማያልፍ አንጎል ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ አይነካም። የዶፓሚን አለማለፍ ችግር ሆኖ ሳለ የካርቢዶፓ አለማለፍ መፍትሔ መሆኑ፣ በእኔ ግምት፣ በመላው የመድኃኒት ትምህርት ውስጥ ካሉት ብልሃቶች እጅግ የሚያረካው ነው። ለዚህ ሕክምና መንገዱን የጠረገው ተመራማሪው አርቪድ ካርልሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪሰርፒን የተባለ መድኃኒት የከረጢቶቹን ክምችት ባዶ አድርጎ ያፈዘዛቸው እንስሳት ኤል-ዶፓ ሲሰጣቸው መልሰው መንቀሳቀሳቸውን አሳይቷል።

የመልእክተኛውን መለቀቅ የሚያግደው ቦቱሊነም መርዝ ጡንቻን የሚያዝለው አሴቲልኮሊን ከከረጢቱ እንዳይወጣ በማድረግ ነው። የመልሶ መሳቡ ደረጃ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኮኬይን የዶፓሚንን መጓጓዣ ይዘጋል። አምፌታሚን ደግሞ በዚያው መጓጓዣ በኩል ወደ ሴሉ ይገባና የተከማቸው ዶፓሚን ወደ ውጭ እንዲፈስ ያደርጋል። ትኩረት ለማድረግ ለሚቸገሩ ሰዎች የሚታዘዘው ሜቲልፌኒዴትም ልክ እንደ ኮኬይን መጓጓዣውን ይዘጋል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ዋናው የፍጥነት ጉዳይ ነው። በአፍ የተወሰደ ሜቲልፌኒዴት አንጎል የሚደርሰው ቀስ እያለ ስለሆነ ዶፓሚኑም በዝግታ ይጨምራል፤ የተጨሰ ወይም በደም ሥር የተሰጠ ኮኬይን ግን በሴኮንዶች ውስጥ ይደርሳል፤ ለሱስ የሚዳርገውም በአመዛኙ ይህ ድንገተኛ ጭማሪ ነው።

መድኃኒቱ በቀጥታ ተቀባዩን የሚነካ ከሆነ፣ ይከፍተዋል ወይስ ይዘጋዋል ወይስ ለሌላው ያመቻቸዋል ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሞርፊን ሰውነት ራሱ ለሚያመርታቸው ሕመም አስታጋሾች የተዘጋጀውን ተቀባይ ያነቃል። ናሎክሶን ደግሞ በዚያው ተቀባይ ላይ ተቀምጦ፣ ራሱ ሳያነቃው፣ ሞርፊኑን ያስለቅቀዋል። ከመጠን ያለፈ ሞርፊን ትንፋሹን ያቆመበትን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ የሚመልሰውም በዚህ ነው፤ ይሁንና የናሎክሶን ኃይል ከብዙዎቹ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ቀድሞ ስለሚያልቅ፣ የነቃው ሰው ተመልሶ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላልና ክትትል ሊቋረጥ አይገባም። ለጭንቀት የሚታዘዘው ዳያዜፓም ግን ከሁለቱም ይለያል። ሴሎችን የሚያረጋጋው ጋባ የተባለው መልእክተኛ ከተቀባዩ ጋር ሲጣበቅ የክሎራይድ መተላለፊያ ይከፈታል፤ ዳያዜፓም መተላለፊያው ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያግዛል እንጂ ጋባ በሌለበት አይከፍተውም። ባርቢቹሬቶች የተባሉት የቆዩ የእንቅልፍ መድኃኒቶች ግን መተላለፊያው ክፍት ሆኖ የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝማሉ፤ መጠናቸው ሲበዛም ያለ ጋባ ይከፍቱታል። ባርቢቹሬቶች ይበልጥ ገዳይ የሆኑት ለዚህ ነው። ዳያዜፓምም ቢሆን ከአልኮል ወይም ከሞርፊን ጋር ሲወሰድ ይህ ከለላው ይጠፋል።

ቦታውን መለየት የጎንዮሽ ጉዳቶችን ለመረዳት ቁልፍ ነው፤ መድኃኒቱ የሚሄደው የታመመውን ክፍል መርጦ አይደለምና። ዶፓሚን በአንዱ መስመር እንቅስቃሴን ይመራል፣ በሌላው ፍላጎትንና ደስታን ያነሣሣል፣ በሦስተኛው ደግሞ ፕሮላክቲን የተባለው የጡት ወተት ሆርሞን እንዳይበዛ ይቆጣጠራል። እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ የሥነ አእምሮ ሕክምናን የለወጠው ክሎርፕሮማዚንና ወገኖቹ ዲ2 የተባለውን የዶፓሚን ተቀባይ ሲዘጉ በሦስቱም መስመሮች ይዘጋሉ፤ ሕመምተኛው የሚሰማው የሌለ ድምፅ ሲቀንስ እጅ የሚንቀጠቀጠውና ፕሮላክቲን የሚጨምረው ለዚህ ነው። የአንጎል ምስል ጥናቶች እንዳሳዩት፣ በእነዚህ መድኃኒቶች ለውጥ የሚታየው ከተቀባዮቹ 65 በመቶ ያህሉ ሲያዙ ሲሆን፣ ወደ 80 በመቶ ሲጠጋ የእንቅስቃሴ ችግር ይበረታል። መጠኑን መጨመር ሁልጊዜ ሕክምናውን እንደማያሻሽል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በመጨረሻ የጊዜው ጥያቄ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ለድባቴ የሚሰጠው ፍሉኦክሴቲን የሴሮቶኒንን መጓጓዣ የሚዘጋው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ሕመምተኛው ግልጽ መሻሻል የሚያየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። ስለዚህ መሻሻሉ የመጣው ሴሮቶኒን በመጨመሩ ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ሴሎቹ ለጭማሪው የሚሰጡት አዝጋሚ ምላሽም ሊታሰብ ይገባል። ዘወትር የሚቀሰቀስ ሴል ተቀባዮቹን ይቀንሳል፣ ዘወትር የሚታገድ ደግሞ ይጨምራል። ያው መጠን ውሎ አድሮ በቂ አለመሆኑም ሆነ ዳያዜፓምን ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ሰው በአንድ ቀን ቢያቆም ራስን እስከ መሳትና እስከ መንቀጥቀጥ የሚደርስ አደጋ የሚያገኘው ሴሎቹ ራሳቸውን ከመድኃኒቱ ጋር አስማምተው ስለነበር ነው።

መድኃኒት የመቀየርም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚያግድ መድኃኒት ከፍሉኦክሴቲን ጋር ቢገናኝ፣ አንዱ የሴሮቶኒንን መፍረስ፣ ሌላው መልሶ መሳቡን ስለሚከለክሉ ለሞት የሚያደርስ መመረዝ ሊከተል ይችላል። ፍሉኦክሴቲንና ከእሱ የሚወጣው ንጥረ ነገር ከሰውነት የሚወገዱት በጣም በዝግታ በመሆኑ፣ ሐኪሞች ፍሉኦክሴቲን ላቆመ ሰው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝን የሚያግደውን የሚጀምሩት ቢያንስ አምስት ሳምንት አሳልፈው ነው።