ከአቅኚ አባት የወረደ ዘርን ወደ ታች መቁጠር

በመንዝ አገሩን መጀመሪያ አቅንቶ የሰፈረው ሰው አቅኚ አባት ይባላል፤ በጎጃም ደግሞ ዋና አባት ይሉታል። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ስማቸውን ያገኙት ከግራኝ ጦርነት በኋላ ምድሩን ተከፋፍለው ከሰፈሩት ከማማ፣ ከላሎና ከጌራ እንደሆነ የአገሩ ትውፊት ይናገራል። ከእንዲህ ያለ አባት ተነሥቶ ዘሩ የት የት እንደደረሰ ማወቅ፣ ራስን ይዞ እስከ ሰባት ቤት ወደ ላይ ከመቁጠር በጣም ይለያል። ወደ ላይ የሚቆጥር ሰው የራሱን ወላጆችና አያቶች ብቻ ይከተላል፤ ወደ ታች የሚቆጥር ግን በየትውልዱ እየበዛ የሚሄደውን ቅርንጫፍ ሁሉ፣ የማያውቀውንና የተሰደደውንም ጭምር፣ መፈለግ ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሴቶች ልጆችን ይመዝግቡ። ርስት በአባትም በእናትም በኩል የሚወረስ ስለነበር የአንድ አቅኚ ዘር በወንድ መስመር ብቻ አይገኝም፤ ሴቶቹ ግን ወደ ሌላ ደብር ስለሚዳሩ በአተራረክ ቶሎ ይረሳሉ። የዚህን ጉዳት ለማየት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴን መነሻ አድርገው ይቁጠሩ። ወንዶቹን ብቻ የሚከተል ሰው ከኃይለ መለኮት ወደ ምኒልክ ይደርስና ዙፋን የወረሰ ወንድ ልጅ ስለማያገኝ እዚያው ይቆማል። ከምኒልክ በኋላ ግን የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ፣ በምኒልክ ልጅ በሸዋረጋ በኩል ልጅ ኢያሱ፣ በሣህለ ሥላሴ ልጅ በተናኘወርቅና በልጃቸው በራስ መኰንን በኩል ደግሞ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አሉ። ሴቶቹን የዘለለ ቆጣሪ ሦስቱንም ባላገኘ ነበር።

ለአቅኚው ቁጥር 1 ይስጡ፤ ልጆቹን በልደት ቅደም ተከተል 1.1፣ 1.2፣ 1.3 እያሉ፣ የ1.2ን ልጆች ደግሞ 1.2.1፣ 1.2.2 እያሉ ይቀጥሉ። በጎጃም ርስቱ የሚደለደልባቸው የዋና አባት ልጆች ምንዝር አባት ስለሚባሉ የመጀመሪያውን ረድፍ በእነርሱ መሙላት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይተዉለትና ስሙን፣ የክርስትና ስሙን፣ የእናቱን ስም፣ ደብሩን፣ እንዲሁም ወሬውን ማን እንደነገረዎት ይጻፉበት። ነጋሪውን መጻፍ ብዙዎች የሚንቁት ነገር ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ሲለያዩ ግን መፍረድ የሚቻለው በዚያ ብቻ ነው።

ሽማግሌ ሲጠይቁ «ዘርዎን ይቁጠሩልኝ» ብለው አይጀምሩ፤ እንዲህ ሲባል በልብ የተያዘው ዋናው መስመር ብቻ ይወርዳል። ይልቅስ ስለ አንድ ተዝካር ወይም ስለ አንድ ሠርግ፣ ማን ከየት እንደመጣና ማን ከማን ጋር በዝምድና እንደተቀመጠ ይጠይቁ። ዓመተ ምሕረትንም በቀጥታ አይጠይቁ፤ ክፉ ቀን (ከ1880 እስከ 1884)፣ የሰገሌ ጦርነት (1909)፣ የኅዳር በሽታ (1911) እና ማይጨው (1928) አሉልዎት። «እማማ፣ በኅዳር በሽታ ጊዜ እናትዎ የምትታዘል ነበረች ወይስ የምታዝል?» የሚለው ጥያቄ የልደት ዓመቱን በጥቂት ዓመት ልዩነት ውስጥ ያስገባልዎታል። አሮጊቶችን ለብቻቸው ያነጋግሩ፤ የሁለተኛዋን ሚስት ልጆች፣ የፈታችውንና ተመልሳ ያገባችውን የሚያውቁት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። የጡት ልጅ የሆነውንም ለይተው ይመዝግቡ እንጂ አይሰርዙት፤ በቤቱ አድጎ በልጅነት ተቆጥሯልና።

ትልቁ እንቅፋት ስም ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን የአንድ አያት የልጅ ልጆች በየአባታቸው ስም ይጠራሉ፤ አንድ ሰውም የዓለም ስም፣ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ሊኖረው ይችላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሣም አባ ታጠቅም ናቸው። ስለዚህ ሁለት መዝገብ ላይ ሁለት ስም ስላዩ ብቻ ሁለት ሰው ነው አይበሉ። ሴቶች ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አለመተዋቸው ግን ታላቅ እርዳታ ነው።

ወረቀት በተመለከተ፣ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ከዚያ በፊት ላለው ዘመን ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግድ ነው። በወንጌሉ ኅዳግ የርስት ስጦታና ሽያጭ ከነዋሱና ከነምስክሩ ተጽፎ ይገኛል፤ ምስክሮቹም ብዙ ጊዜ ዘመዶች ናቸው። በዳዊት ላይ የባለቤቱ ስም ተፍቆ ሌላ ስም የተጻፈበት ቦታ ካዩ መጽሐፉ እጅ መለወጡን ይረዱ፤ የተፋቀውንም ስም በብርሃን አግድም አድርገው ለማንበብ ይሞክሩ። በ1960ዎቹና ከዚያም በኋላ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከገዳማት በፊልም የተቀዱ ብዙ ብራናዎች ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ ስለሚታዩ፣ በውጭ አገር ያለ ተወላጅ ፍለጋውን ከዚያ ሊጀምር ይችላል። በየቤቱ ሳጥን የተቀመጠ የርስት ሙግት ወረቀትም እጅግ ጠቃሚ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ እስኪታወጅ ድረስ ተሟጋች ዘሩን በዳኛ ፊት ይቆጥር ነበር። ይሁን እንጂ መሬት ለማግኘት የተቆጠረ ዘር መሆኑን አይርሱ፤ ከተቃራኒው ወገን ቆጠራ ጋር ሳያስተያዩ አይቀበሉት።

ከዚያ በሒሳብ ይፈትኑት። ግራኝ የሞተው በ1535 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው 480 ዓመት ያህል፣ ለአንድ ትውልድ 30 ዓመት ቢታሰብ፣ ወደ 16 ትውልድ ይሆናል። አቅኚው በዚያ ዘመን ሰፈረ ተብሎ እስከ ዛሬ ስምንት ስም ብቻ ከተነገረዎት በመካከል የተዘለሉ አሉ ማለት ነው፤ «ልጅ» ሲባል የልጅ ልጅንም ሊጨምር ስለሚችል ክፍተቱ ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ባዶውን ቦታ ባዶ አድርገው ይተዉት እንጂ ስም አይፍጠሩለት።

ወደ እስራኤልና ወደ አሜሪካ የሄዱትን ሲፈልጉ፣ እዚያ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ እንደሚቀር ያስታውሱ። የሁለት ወንድማማቾች ልጆች በሁለት የተለያዩ የቤተሰብ ስሞች ሊጠሩ ስለሚችሉ፣ ከአገር የወጡበትን ዓመትና በዚያን ጊዜ በወረቀት የተጻፈውን ሙሉ ስም ከዘመድ ይጠይቁ። መዝገቡን ለሌላ ሲያካፍሉ በሕይወት ያሉ ሰዎችን ስምና የልደት ቀን ያለ ፈቃዳቸው አያውጡ፤ ከጋብቻ ውጭ ስለተወለደ ወይም በባርነት ወደ ቤቱ ስለገባ ሰው የተነገረዎትንም ለልጆቹ ሳያማክሩ አደባባይ አያድርሱ። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ አቅኚው በሰፈረበት አገር ከሚኖር ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ።